የዛንዚባሩ ባልኮኒ

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ለባሌ ለጌታሁን አልነገርኩትም። ዛሬ አልነግረውም፤ ነገም የምነግረው አይመስለኝም። ዝም ብዬ ማደር ደግሞ አልቻልኩም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሕሊና ወድቃለች። ልጄ በሕይወት አለች፣ ጭንቅላቷ ደህና ነው፣ የተሰበረው ግራ እግሯ ነው። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ኖርዝጌት፣ አዛውንቶች መጦሪያው ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። አዛውንቶቹን ቁርስ አብልተን ብሬክ እንደወጣሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ዶክተር ሊን ነኝ አለች። የሕሊና አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቹን ዛንዚባር የላከቻቸውም እሷ ናት። «መጀመሪያ፣ ሕሊና ደህና ናት» ብላ ጀመረች። ደህና ለሆነ ሰው ማን ይደውላል።

ሕሊና የምትማረው አርክቴክቸር ነው። በሰመር እረፍቷ ከክፍሏ ልጆች ጋር ዛንዚባር ሄዳ፣ እንግሊዞች ደሴቲቱን በያዙበት ጊዜ የተሠሩትን አሮጌ ቤቶች እየለኩ ይስላሉ። አንደኛው ቤት ድሮ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ይኖርበት የነበረ ነው አሉ። አንደኛ ፎቅ ላይ ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት ባልኮኒ አለው። ሜትሯን ይዛ ወጣችበት፤ እንጨቱ ከሥሯ ከዳት። ታች የአንድ ልብስ ሰፊ የቆርቆሮ ጥላ ነበረ። መጀመሪያ እሱ ላይ ነው ያረፈችው፤ ከዚያ ነው ወደ መሬት የተንሸራተተችው። ቆርቆሮው ባይኖር የሚሆነውን አልጽፈውም።

ከዚያ ከራሷ ጋር አገናኙኝ። ድምጿ በመርፌው ደንዝዟል። «ማሚ፣ አባቢ እንዳይሰማ። ፕሊስ። ልቡን ታውቂያለሽ።»

አልነግረውም አልኳት። ባለፈው ዊንተር ልቡ ውስጥ ያቺን ትንሽ ቱቦ ካስገቡለት ወዲህ እኔ ራሴ በር እንኳ በኃይል አልዘጋም።

ማታ ስገባ እራት ሠርቶ ጠበቀኝ። ሥራ እንዴት ነበር አለኝ፤ ደህና አልኩት። ያንተስ አልኩት፤ ደህና አለኝ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ከመሄዷ በፊት የተጨቃጨቅነው ትዝ እያለኝ ነው። ስንት የሚለካ ቤት ባለበት ዓለም ቅኝ ገዢ ያሠራውን ቤት ልለካ ብለሽ ውቅያኖስ ታቋርጫለሽ ወይ ብያት ነበር። «ሐኪሙ አንድ ድንጋይ አላነሳም፣ ማሚ፤ የሠሩት የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው» አለችኝ።  ዛሬ ነው መልስ የመጣልኝ፣ ዛሬ ደግሞ አይነገርም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ጠዋት ሥራ ቦታ ፓርክ አድርጌ፣ ከመኪናው ሳልወርድ ደወልኩላት። እዚያ አመሻሽ ነበር። ሮመዳን ስለሆነ ሰዉ ሊያፈጥር ሲጣደፍ፣ ሞተር ሲጮህ፣ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማል። እግሯን በጀሶ አስረውላታል። ራጁን ነገ ሌላ ሐኪም ያየዋል፤ ብሎን ያስፈልገዋል ካለ ኦፕራሲዮን ነው። ኦፕራሲዮን ከሆነ የት? እዚያ ነው ወይስ እዚህ? በዚያ እግሯስ እንዴት አውሮፕላን ላይ ትወጣለች? ለጌታሁን ምን እለዋለሁ?

ሆስፒታል ነሽ ወይ ስላት፣ አይ፣ ቢ ዙሌካ ቤት ነኝ አለችኝ። «ቢ» ማለት በእነሱ ቋንቋ እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ተማሪዎቹ ያረፉበት ቦታ ደረጃ በደረጃ ስለሆነ መውጣት አልቻለችም፤ እኚህ ሴትዮ ከእኔ ዘንድ ትተኛ ብለው ወሰዷት። እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ። የት ነው ቤታቸው ስላት መጀመሪያ ቅርብ ነው አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ያው ቤት ነው። ልጄን የጣላት ቤት። ሴትዮዋ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር።

ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁም። ስለ ግድግዳው ውፍረት ነው መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ ደሜ ፈላ። ምሳ ላይ ለራሔል ነገርኳት። ራሔል አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እዚህ አሜሪካ ስላደገች እንግሊዝኛዋ ውኃ ነው። «እትዬ ሙሉ፣ ዝም ካልሽማ ነገ ሌላ ሰው ይወድቃል» አለችኝ። እኔ በአማርኛ እየነገርኳት እሷ በስልኳ ኢሜይል ጻፈች። ቤቱ ሊወድቅ የደረሰ ነው፤ ውስጡ ያለ ሰው ሁሉ በአስቸኳይ ይውጣ፤ ይታሸግ፤ ካልሆነ ጠበቃ አቆማለሁ። ጠበቃ የምትለዋን የጨመረችው እሷ ናት፣ እኔም አላስወጣኋትም። ለዩኒቨርሲቲው ላክነው። ራሔል እዚያው የደሴቲቱን የከተማ ቢሮ አድራሻ ፈልጋ አገኘች፤ ለእሱም ላክነው።

ሲሄድልን ቀለል አለኝ። ቢያንስ አንድ ነገር አደረግኩ።

ጌታሁን ከእራት በኋላ የመኪናውን ዘይት ልይ ብሎ ወረደ። በመስኮት ሳየው ኮፈኑ አልተከፈተም። መኪናው ላይ ተደግፎ በስልክ ያወራል፣ በእጁ ግንባሩን ይዞ። ሲመለስ ዘይቱ እንዴት ነው ስለው ደህና ነው አለኝ። ደረቱን አሞት ሐኪም ቤት እየደወለ ይሆናል። ይደብቀኛል። የሰው ነገር፣ እኔም እሱን እየደበቅኩት በመደበቁ ተናደድኩበት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ብሎን አያስፈልግም። አጥንቱ ቀጥ ብሎ ነው የተሰነጠቀው፤ በጀሶው ብቻ ይገጥማል። ጠዋት ሕሊና በቴክስት ስትነግረኝ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ፎጣ ይዤ አለቀስኩ። ራሔል መጥታ አቀፈችኝ።

ስመለስ ለጌታሁን ዓሣ ገዛሁለት፤ ለልብ ጥሩ ነው ብለውናል። እሱ ደግሞ ለእኔ ጨው የሌለው ብስኩት ገዝቶ ቆየኝ። ለደም ግፊትሽ ብዬ ነው አለ። ግፊቴን ለካልኝ፤ ለክቶ ሲጨርስ ቁጥሩን አይቶ እፎይ አለ፣ ከልቡ። አንተስ ደረትህ እንዴት ነው አልኩት። ምንም አላለኝም አለ። ትክ ብለን ተያየንና ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርን።

እዚያ ደግሞ ማስታወቂያ ነበር። ነጭ አሸዋ፣ የዘንባባ ዛፍ፣ ሰማያዊ ባሕር። ቻናሉን ልቀይር እጄን ወደ ሪሞቱ ስዘረጋ የእሱ እጅ ቀድሞኝ ደርሷል። ባስኬትቦል አደረገው። ባስኬትቦል አይቶ አያውቅም።

ሕሊና የቤቱን ፎቶ ልካልኛለች። ለማየት አልፈለግኩም ነበር፤ አየሁት። ነጭ ነው፣ ኖራው እዚህም እዚያም ተላልጧል። ታች ቅስት ቅስት እያለ የሚሄድ በረንዳ አለው። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ የባሕር ነፋስ እንዲገባ ብለው ነው አለች። ላይ፣ ባልኮኒው በነበረበት ቦታ፣ ሁለት የእንጨት ስባሪ ወጥቶ ይታያል። ሁለት በር አየር ላይ ተከፍቷል። ቶሎ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ምን አደረግኩ።

ሕሊና ራሷ ደወለች፣ ገና ከቤት ሳልወጣ። ጌታሁን መንገደኛ የሚያመላልስበትን ሻትል ሊነዳ ወደ ኤርፖርት በጠዋት ወጥቷል፣ ደግነቱ። እያለቀሰች ነው። ስትወድቅ ያላለቀሰች ልጅ።

ዛሬ ከከተማው ቢሮ ሰዎች መጥተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገዋል። ቤቱ ይፈርሳል ብለዋል። ከኢድ በኋላ ውስጡ ያለ ሰው ይውጣ ተብሏል። ባለቤትየው ነጋዴ ነው፤ ቦታውን ለሆቴል ሲፈልገው ስንት ጊዜው፤ ቤቱ አሮጌና ጠንካራ ስለሆነ አታፈርስም ብለው ከልክለውት ነበር። አሁን ግን ከአሜሪካ አቤቱታ መጣ፣ ቤቱ ሰው ሊገድል ነው የሚል። ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ዋለ።

«ማሚ» አለችኝ፣ «ያንን ኢሜይል የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከኋላዋ የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ለስለስ ያለ፣ ያረጀ። ሕሊና በስዋሂሊ አንድ ሁለት ቃል መለሰችላት። ቢ ዙሌካ ነበሩ። ራሳቸው እየጾሙ ለእሷ አጥሚት የመሰለ ነገር ሠርተው ሲያቀርቡላት ነው። ኢሜይሉን ማን እንደላከ አያውቁም።

ከዚያ ሕሊና ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ማክሰኞ ልትነግረኝ የሞከረችውን መሆኑ ነው። ባልኮኒው ከቤቱ በኋላ የተጨመረ ነው። ከላይ ያለው የውኃ መውረጃ ተሰብሮ ዝናቡ ለዓመታት በእንጨቱ ላይ ሲወርድ ኖሯል፣ ከዚያ ምስጥ ገባበት። ቤቱ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ከባሕር በወጣ ድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፤ ውፍረቱ የእኔን ክንድ ርዝመት ያህላል። ኖራውን ያቃጠሉት የቢ ዙሌካ አያት ናቸው። የእንግሊዙ ሐኪም ጥቂት ዓመት ኖሮበት አገሩ ገባ፤ የእሳቸው ቤተሰብ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው። የተወለዱትም የተዳሩትም እዚያ ነው።

«ቤቱ አይደለም የጣለኝ» አለች። «ባልኮኒው ነው።»

አስተካክለዋለሁ አልኳት። እንዴት እንደማስተካክለው ግን አላውቅም።

ሥራ ቦታ ስደርስ ራሔል ፊቴን አይታ ደነገጠች። ነገርኳት። እሷም መላው ጠፋባት፤ እኔ ነኝ ጠበቃ ያልኩት እያለች ራሷን ስትወቅስ እሷን ማጽናናት የእኔ ሥራ ሆነ። ዶክተር ሊን ጋ ደወልን፤ ነገ ጠዋት ነይ አለችኝ።

ለጌታሁን ነገ ኤክስትራ ሺፍት አለኝ ብዬዋለሁ። እሱም ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ አለ። ስለ ጥርስ ሰምቼ አላውቅም። ልቡ ነው። ነገ ከዩኒቨርሲቲው ስመለስ ቁጭ አድርጌ አናዝዘዋለሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ይህን ስጽፍ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ ሄድኩ። ሕንፃው ጠፍቶብኝ ብዙ ዞርኩ። አገኘሁት፣ ደረጃውን ወጣሁ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ገባሁ። ከዶክተር ሊን በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሱፉን ለብሷል፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። የሠርግ ሱፉ ነው። ባሌ ነው።

አየኝ። ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ።

«ሺፍት የለሽም?» አለኝ።

«ጥርስህስ?» አልኩት።

 አጠገቡ ተቀመጥኩ።  ከዚያ እሱ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «እግሯ በጀሶ ነው፣ ብሎን አያስፈልገውም ብለዋል» አለኝ፤ እኔን እንዳያስደነግጠኝ ብሎ ድምፁን እንደ ሕፃን ማባበያ አለስልሶት።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ለካ የመጀመሪያውን ስልክ የደወለችው ለእሱ ነው። መንገድ ላይ እንደወደቀች፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ መርፌ ሳትወጋ በፊት። አባቢ፣ ለማሚ እንዳትነግራት፣ ግፊቷ ይነሳል ብላዋለች። እኔን ደግሞ፣ ዶክተር ሊን ከነገረችኝ በኋላ፣ ሕሊና ራሷ ለአባቢ እንዳትነግሪው አለችኝ። ያቺ ልጅ ሁለታችንንም እያወራች፣ ሁለታችንንም ዝም አሰኝታ፣ ሳምንቱን በሙሉ በየፊናችን ደህና ነን እንድንባባል አደረገችን። መኪናው ላይ ተደግፎ ያወራ የነበረው ከእሷ ጋር ነው። ደረቱ ምንም አልሆነም።

እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በኮፍያው ጠረገ። አንድ ተማሪ ቦርሳውን አዝሎ ሲያልፍ ዞር ብሎ አየን። ስንት ጊዜ ሆነን እንዲህ አብረን ከሳቅን።

ከዚያ ግን ኢሜይሉን መናገር ነበረብኝ። እሱ የመጣው መቼ እንደሚመልሷት ሊጠይቅ ብቻ ነው፤ ስለ አቤቱታው አያውቅም። ነገርኩት። ቀይ ምልክቱንም፣ ሴትዮዋንም፣ ነጋዴውንም። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን እያዞረ ቆየና፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ አለኝ። ሴትዮዋ፣ ልጃቸውና ምራታቸው አልኩት። «እንግዲያው ሌላ እንጽፋለና» አለ። ይኸው ነው።

ዶክተር ሊን አስገባችን። ቀጭን፣ ፀጉሯ አጭር፣ ራሷም ሳምንቱን ያልተኛች ሴት ናት። ስለ ኢሜይሉ አልወቀሰችኝም፤ እናት ነሽ አለችኝ። ነገሩን አስረዳችን። ሰኞ የደሴቲቱ ቢሮ ተሰብስቦ ይወስናል። ተማሪዎቹ የለኩት ሥዕል በሙሉ ይቀርባል፣ ግድግዳውን የሚያይ መሐንዲስም ይዘውልናል። ቤቱ ሰው ይገድላል ብሎ የጻፈ ግን ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ እሱን ራሴ ካልመለስኩት ነጋዴው ይዞት ይቆያል። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችን።

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጻፍነው። እኔ እላለሁ፣ ጌታሁን ያርማል፣ እሷ እንግሊዝኛውን ታስተካክላለች። ልጃችን የወደቀችው ባልኮኒው በውኃና በምስጥ ስለተበላ ነው። ቤቱ አልወደቀም። ያን የጻፍኩት ስለ ቤቱ ምንም ሳላውቅ፣ በድንጋጤ ነው። ባልኮኒው ይነሳ፣ ቤቱ ይቁም፣ ሰዎቹ ይኑሩበት። ጌታሁን አንድ መስመር ካልጨመርኩ ብሎ ያዘን፦ ልጃችን ዛሬ የምትተኛው በዚያው ቤት ነው፣ በእኛም ፈቃድ ነው። ይህን ሲል ቀና ብዬ አየሁት። ፈቅጄ ነበር እንዴ? አዎ፣ ፈቀድኩ። ሁለታችንም ፈረምን።

በእሱ መኪና ተመለስን። ሬንተን፣ ቤታችን፣ እስክንደርስ ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ነበር፤ ማንም አልቸኮለም።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ ዛንዚባር ነበር። ለቤት ተጸልዮ ያውቃል? እኔ ጸለይኩ። እንግሊዞች ላሠሩት ቤት። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ ጣሊያን ባሠራው ቢሮ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ወፍራሙን ግድግዳ ሁሌ ያመሰግነው ነበር።

ጠዋት፣ ከቤት ሳንወጣ፣ ከቢ ዙሌካ ጋር አወራሁ። ሳልናገር መቆየት ስላልቻልኩ ነው። ሕሊና አታውሪ ብላኝ ነበር፤ ጌታሁን ግን አውሪያቸው አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን፣ ሕሊና መሐል ሆና አስተረጎመች። በእርግጥ ስዋሂሊዋ ገና ነው፤ የሴትዮዋ ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል ሲጎድላት እሱ ይሞላላታል።

ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። ኢሜይሉን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ቤትዎ ላይ ያንን ቀይ ያስቀባሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ሕሊና ተረጎመች።  ከወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ እሰማለሁ። ጌታሁን እጄን ያዘኝ።

ከዚያ ሴትዮዋ ተናገሩ፣ ረዘም አድርገው። ሕሊና ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ።

«እንዲህ ይላሉ፣ ማሚ። የእኔ ልጅ ከአንቺ ቤት ወድቃ ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱን በገዛ እጄ ነበር የማፈርሰው።»

 ጌታሁን ነው ያመሰገናቸው፤ እንዴት አድርጎ እንዳመሰገናቸው እሱም አያውቀውም። ከዚያ ሴትዮዋ ደግሞ ልጅሽ ትንሽ ነው የምትበላው፣ ምን ትወዳለች ብለው ጠየቁ። ሽሮ ልል አሰብኩና እዚያ ከየት ይመጣል ብዬ፣ ዓሣ ትወዳለች አልኩ። ከኋላ ሕሊና አልወድም ስትል ይሰማኛል። ይህንንም ተረጎመችላቸው መሰለኝ፤ ሴትዮዋ ሳቁ።

ነገ ነው ስብሰባው። እግዚአብሔር ያውቃል።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ይቆማል። ቤቱ ይቆማል።

ጠዋት ሕሊና ደወለች፤ ስልኩን ሳነሳው ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው ሳቋ ቀድሞ ገባ። መሐንዲሱ ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳ፣ ወለሉን እየረገጠ፣ ግማሽ ቀን ፈትሾ፣ ቤቱ ከእኔም ከእናንተም በላይ ይኖራል ብሏቸዋል። የተማሪዎቹን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለው ተነጋገሩበት። የእኛ ደብዳቤ ተነበበ፣ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም። ጌታሁን የጨመራት መስመር ስትነበብ ከተሰበሰቡት አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ አለች። ነጋዴው የመጀመሪያውን ኢሜይል አውጥቶ ሊያነብ ሲል፣ የጻፈችው ሴት እኮ ትታዋለች አሉት።

የባልኮኒው ስብርባሪ ይነሳል። የውኃ መውረጃው ይጠገናል። ቀዩ ምልክት በኖራ ይሸፈናል። ቢ ዙሌካ የትም አይሄዱም። ነጋዴው ይግባኝ እላለሁ ብሏል፤ ይበል። ለጊዜው አበቃ።

ለጌታሁን ደወልኩለት። ተሳፋሪ ጭኖ ነበር፣ አልመለሰም። ቆይቶ ደወለ። ስነግረው፣ «ጎሽ» ብቻ አለ፣ እንደገና «ጎሽ»። ከኋላው የሻትሉ በር ሲከፈት ይሰማል።

ለራሔልም ነገርኳት። ከዛሬ ወዲያ ኢሜይል የሚባል ነገር አልጽፍልሽም አለችኝ። ነገ ለሱፐርቫይዘራችን የሚላከውን እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ።

የቀረኝ ጭንቀት ጉዞው ብቻ ነው። ክራንች፣ ዊልቼር፣ እግሯን የምትዘረጋበት ወንበር። ሁለት አውሮፕላን ትቀያይራለች። እዚያ ያለው ሌላ አስተማሪያቸው አብሯት ይመጣል ብለዋል። ቢሆንም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ሐምሌ ገብርኤል ነው ዛሬ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ኤርፖርት ሄድኩ። ይረዳኛል።

ጌታሁን በዚያ በር በየቀኑ ሰው ሲጭን ሲያወርድ ይኖራል፤ ዛሬ ግን መንገዱ ጠፍቶበት ሁለቴ ዞረ። እሷ በዊልቼር ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጀሶውን ነው፤ ነጭነቱ ጠፍቷል። ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፣ በስዋሂሊ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቦታ በዐረብኛ። ከስታለች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ግን እንዳለ ነው። አባቷ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ከዚያ ቀና ማለት አቅቶት እዚያው ቆየ። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ይጠብቅ።

በቁጣ ልጀምር ወይስ በመሳም አላወቅኩም። ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረግኩት።

መኪና ውስጥ አወራን። ሁለታችሁንም ያታለልኳችሁ ፈርቼ ነው አለች፤ አንዳችሁ ስትደነግጡ ሌላው ያያል፣ ከዚያ ሁለታችሁም ትታመማላችሁ ብዬ። ጌታሁን ከዛሬ ጀምሮ ለሁለታችን በአንድ ጊዜ ትደውያለሽ አላት፣ ኦኬ አለች። ስልኳን አውጥታ ከመውጣቷ በፊት ያነሳችውን ፎቶ አሳየችን። የቤቱ ፊት ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ጥርስ የወለቀ ይመስላል። ሁለቱ የላይኛ በሮች ላይ ሳንቃ ተመቷል። ታች፣ በረንዳው ቅስት ሥር፣ ቢ ዙሌካ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ ተከናንበው ቆመዋል፣ እየሳቁ አይደለም፣ ካሜራ ስለማይወዱ ነው አለች። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጥሩ ቤት ነው። ማንም ይሥራው፣ ማንም ያሠራው፣ ጥሩ ቤት ነው።

ደረጃችንን አባቷ ተሸክሞ ሊያወጣት ፈለገ፤ ሁለታችንም አይሆንም አልን። ተቀምጣ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየዘለለች፣ ወደ ኋላዋ ወጣች። ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ክራንቹን ያዘላት።

ምሳ ስትበላ ባልኮኒውን በዲሴምበር እንደገና ሊሠሩት ነው አለች፣ እንደ ዋዛ። በደሴቲቱ ያሉ አናጢዎች፣ በአዲስ እንጨት። ሥዕሉን እኔ ነኝ የምሠራው አለች። ማየት እፈልጋለሁ አለች። ጌታሁን አየኝ። እኔ ሳህኑን አየሁ። እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። ዲሴምበር ሩቅ ነው።

አሁን ሶፋው ላይ ተኝታለች፣ እግሯ ትራስ ላይ። ገና ቀን ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አይቀሰቅሷትም። ጌታሁን ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ እየሄደ ውኃ ሊያቀርብላት ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፤ ተኝታ ሲያያት ብርጭቆውን ይዞ ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል። ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ።